ባትሪውን ሳትመዝኑ መኪናውን አትግዙ፦ ለጎንደር ነዋሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ የተነገረው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የገባ መኪና ልግዛ የሚል የጎንደር ሰው ጥያቄው «ቤንዚን ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?» መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው «የትኛው ባትሪ?» ሆኗል። ገበያ ስንወጣ ግን ባትሪውን የምናስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀለሙን እናያለን። ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ ወንበሩን። ባትሪው ከታች ተደብቆ ስለሚቀመጥ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። የመኪናው ትልቁ ገንዘብ የተቀበረው ግን እዚያ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጎንደር ውስጥ ኖሮ ጎንደር ውስጥ ለሚሠራ አብዛኛው ሰው ትንሽ ወይም መካከለኛ ባትሪ ይበቃዋል። ዓይነቱ ኤል.ኤፍ.ፒ. የሚባለው (ምንነቱን ክፍል 3 ላይ ታገኙታላችሁ) ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ለትልቅ ባትሪ የሚጨመረው ገንዘብ በአብዛኛው ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያረጅ ገንዘብ ነው። ይህን እንዲሁ እንድታምኑኝ አልፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና አብረን እናስላው።

1. መንገዳችሁን ቁጠሩ

የባትሪ መጠን የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ለቤንዚን መኪና የሳልባትዮው ሊትር ምን ማለት እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ኪሎዋት ሰዓት ያው ነው። ትንሽ የከተማ መኪና በ100 ኪ.ሜ. ከ11 እስከ 13 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። መካከለኛው ከ15 እስከ 18 ይወስዳል። ሰባት ሰው የሚጭነው ትልቁ 20 ሊነካ ይችላል። ለጎንደር ዳገትና ለኮብልስቶኑ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨምሩበት።

አሁን አንድ ሳምንት ሙሉ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄዱ ጻፉ። በግምት ሳይሆን ጽፋችሁ። አዘዞ የሚኖርና ፒያሳ የሚሠራ ሰው እንውሰድ። መሄጃው 12 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 24። ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ገበያ፣ ማታ ለቅሶ ቤት መድረስ ሲጨመር 40 ኪ.ሜ. እንበል። በትንሽ መኪና ይህ ከነዳገቱ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ትንሽ መኪና ሳትሰካ አራት ቀን ትሠራለታለች ማለት ነው። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ አይጨነቅም።

ሻጭ የሚነግራችሁን ኪሎ ሜትር እንዳለ አትውሰዱ። «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ በአንድ ቻርጅ 405 ትሄዳለች» ሲል ውሸት እየነገራችሁ ላይሆን ይችላል። ሲጋል የተባለችው የቻይናው ቢዋይዲ ትንሽ መኪና ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በቻይና መለኪያ 405 ኪ.ሜ. ይባላል። ነገር ግን የቻይናው መለኪያ ለጋስ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቆም፣ ሜዳ ላይ ያለ መኪናን ነው የሚያሳየው። ከሩቡ እስከ ሲሶው ቀንሱበት። 405 የተባለው 280 ቢሆን ደስ ይበላችሁ።

2. ዳገቱን ደምሩ

ይህን ክፍል አዲስ አበባ የተጻፈ መመሪያ አይነግራችሁም። ጎንደር ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በቃላችሁ የምትይዙት አንድ ቁጥር ልስጣችሁ፦ ከነሰው ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ መንገዱ ከሚበላው ሌላ፣ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አለፍ የሚል ኃይል ይወስዳል። በሞተሩ የሚባክነው ሲጨመር 0.6 ብላችሁ ያዙት።

አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,994 ሜትር ላይ ነው። ፒያሳ ደግሞ 2,200 አካባቢ። ስለዚህ ከአዘዞ ፒያሳ መውጣት ብቻውን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስከፍላል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፤ 100 ኪ.ሜ. ርቀት ላይ። ሽቅቡ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምርባችኋል፤ መሐል ላይ ያለውን መውረድና መውጣት ሳንቆጥር። ባሕር ዳር የተገላቢጦሽ ነው። ስትሄዱ 400 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ፤ ስትመለሱ ትከፍሉታላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰላም ባሕር ዳር ስለደረሰ በዚያው መጠን የሚመለስ ይመስለዋል።

መተማ ደግሞ የብቻው ነገር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቦታ ትወርዳላችሁ። ሲመለሱ ያለው 1,500 ሜትር ሽቅብ ለብቻው ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ቆላው ሙቀት ላይ አየር ማቀዝቀዣ ሳይከፈት አይኬድም። ሥራችሁ በየሳምንቱ መተማ ወይም ገንዳ ውኃ የሚወስዳችሁ ከሆነ፣ ትንሽ ባትሪ ይበቃል ያልኩት እናንተን አይመለከትም።

ቁልቁለቱ የሚመልሰው ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተቀይሮ ባትሪውን ይሞላል። ሽቅቡ ከወሰደው ከግማሽ በላይ ሊመልስ ይችላል። ፍሬን ሸራም ይተርፋል። ግን አንድ ጥንቃቄ አለው። ቤታችሁ ከፍ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ጎሃ ሆቴል አቅጣጫ ከሆነ፣ ማታ 100 በመቶ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል አትውጡ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። መኪናው ሲወርድ የለመዳችሁት መያዝ አይኖርም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በአዘቦት ቀን 90 ላይ እንዲያቆም አዝዙት።

አሁን የባሕር ዳሩን መንገድ እናስላ። ከጎንደር በማክሰኝት፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል 180 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ትንሽ መኪና በ100 ኪ.ሜ. 14 ብትበላ 25 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 38.88 የሆነ አዲስ ባትሪ ሲሦው ተርፎ ያደርሳችኋል። ያገለገለና ጤንነቱ 85 በመቶ የሆነ ባትሪ 33 ነው የሚይዘው፤ ስትደርሱ ሩብ አይሞላም። ለመመለስ እዚያ መሰካት ግድ ነው። ስለዚህ የሚሠራ ቻርጀር በዓይናችሁ ያያችሁበትን፣ ወይም የዘመድ ግቢ ሶኬት ያለበትን ቦታ ብቻ ቁጠሩ። ከ20 በመቶ በታች የሚያደርስ ዕቅድ አታውጡ። በዚህ ዘመን መንገድ ሳይታሰብ ሊዘጋና ዞራችሁ እንድትመለሱ ሊያደርጋችሁ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ መመለሻችሁንም ከባትሪው ላይ ቆጥቡ።

3. የባትሪውን ዓይነት ለዩ

በቤት መኪና ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱን ነው። አንደኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ባጭሩ ኤል.ኤፍ.ፒ. ነው። የቢዋይዲ «ብሌድ» ባትሪ ከዚህ ዘር ነው። ሁለተኛው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ኤን.ኤም.ሲ. ነው። ትልቁን ባትሪ የያዘው የቻይናው ፎልክስዋገን አይዲ.4 ውስጥ ያለው ይህኛው ነው።

ኤን.ኤም.ሲ. በዚያው ክብደት ብዙ ይይዛል። ርቆ ለሚሄድ ጥሩ ነው። ግን 100 በመቶ ተሞልቶ መቀመጥን አይወድም። በየቀኑ 80 ላይ ማቆም ይሻላል። ኤል.ኤፍ.ፒ. ከበድ ይላል፤ ሆኖም ሙቀትን ይበልጥ ይችላል፣ ለእሳት አደጋ ያለው ተጋላጭነት ዝቅተኛ ነው፣ ተሞልቶ የሚያልቅበት ዙርም 3,000 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የኤን.ኤም.ሲ. ከ1,000 እስከ 2,000 ነው።

እነዚህን ዙሮች ወደ ኑሮ እንመልሳቸው። በዓመት 12,000 ኪ.ሜ. የሚሄድ ሰው፣ አንድ ሙሉ ቻርጅ 300 ኪ.ሜ. ቢወስደው፣ በዓመት የሚጨርሰው 40 ዙር ብቻ ነው። በዚህ ሒሳብ 1,000 ዙርን ለመጨረስ እንኳ 25 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ የቤት መኪና ባትሪን የሚያስረጀው መነዳቱ ሳይሆን ዕድሜውና ሙቀቱ ነው። እዚህ ላይ ጎንደር ዕድለኛ ናት። አየራችን ለባትሪ የተመቸ ነው፤ አይሞቅም፣ አይበርድም። ከጅቡቲ ወይም ከዱባይ ሐሩር የመጣ ያገለገለ መኪና ካጋጠማችሁ ግን ይህን አስታውሱ። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢሆንም ባትሪው ፀሐይ ላይ ዓመታት ቆሞ ሊሆን ይችላል። እንደ ቀድሞው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የማያቀዘቅዝ መኪና ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

ዓይነቱን ለማወቅ ሻጩን አትጠይቁ። የመኪናውን ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ይዛችሁ የአምራቹን መግለጫ ፈልጉ፤ በር ላይ ያለውን የብረት ጽሑፍም ፎቶ አንሱ።

4. ያገለገለ ከሆነ ጤንነቱን ለኩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ክፍል ውሰዱ። ዳሽቦርዱ ላይ «100 በመቶ» ማለቱ ባትሪው ሙሉ ነው ማለት እንጂ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ግማሹን አቅሙን ያጣ ባትሪም ሲሞላ 100 ይላል።

መጀመሪያ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ኦቢዲ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ከመሪው ሥር ሰክታችሁ በስልክ አፕ አንብቡ። ብዙ ጋራዦችም የራሳቸው ማንበቢያ አላቸው። የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ የጤንነት መቶኛውና በሴሎች (ትልቁ ባትሪ በተሠራባቸው ትንንሽ ባትሪዎች) መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት። መቶኛውን ብቻ አትመኑት፤ ኮምፒውተሩ የገመተው ነውና ሊሳሳት ይችላል፣ እንደ አዲስ እንዲጀምርም ሊደረግ ይችላል። የሴሎቹን ልዩነት ግን መደበቅ ይከብዳል። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሴል በ20 ወይም 30 ሚሊቮልት ቢለያዩ ችግር የለም። ልዩነቱ 100 ካለፈ አንድ ደካማ ሴል አለ ማለት ነውና ቆም በሉ። ኤል.ኤፍ.ፒ. ላይ ይህን ንባብ 50 በመቶ ላይ አታድርጉት። መሐል ላይ ቮልቴጁ ስለማይነቃነቅ ሁሉም ሴል እኩል ይመስላል። ሊሞላ ሲል ወይም 15 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ንባቡ እውነቱን ያወጣል።

ቀጥሎ ያለው ሙከራ ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ገንዘብ አያስወጣም። የቤታችሁ ቆጣሪ ይበቃል። መኪናውን 20 በመቶ እስኪደርስ ንዱት። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ ፍሪጅ፣ ቦይለር፣ ምጣድ። የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ። 100 እስኪሞላ ሰኩት። መጨረሻ ላይ እንደገና ፎቶ አንሱ።

አንድ ምሳሌ ልሥራላችሁ። የመኪናው ባትሪ አዲስ ሳለ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። ከ20 ወደ 100 ሲሞላ ቆጣሪው 47 ቆጠረ። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሲሞላ በሙቀት ይባክናል። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ከሞላችሁ በ0.9 አባዙት፤ በተራ ሶኬት ከሆነ በ0.85። 47 በ0.9 ሲባዛ 42.3 ነው። ይህ የባትሪው 80 በመቶ ስለሆነ ለ0.8 ስናካፍለው 52.9 ይመጣል። 52.9 ለ60.48 ሲካፈል 87 በመቶ ነው። የባትሪው ጤንነት ይህ ነው። ሁለትና ሦስት ነጥብ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፤ 87 የሆነው ግን 70 አይሆንም።

ሻጩ «አንድ ሌሊት እናንተ ጋ አላሳድረውም» ካለ እናንተ እሱ ጋ እደሩ። ወይም በከፊል አድርጉት፤ ከ30 እስከ 60 መሙላትም ከምንም ይሻላል። ጨርሶ ካልፈቀደ ተሰናበቱት። ሌላ መኪና ይመጣል።

በመጨረሻ ዳገት ላይ ሞክሩት። 15 በመቶ አካባቢ እያለ ከአዘዞ ወደ ከተማ ሽቅብ ውጡ፣ እግራችሁን ጫን አድርጉ። መቶኛው ድንገት ከ15 ወደ 8 ቢወርድ ወይም መኪናው ጉልበት ቢቀንስ ደካማ ሴል አለ። ሜዳ ላይ የሚደበቅ ድካም እዚያ ዳገት ላይ አይደበቅም።

5. ጎንበስ ብላችሁ እዩት

ጉድጓድ ወይም ሊፍት ያለበት ጋራዥ አስገቡት። የባትሪው ቤት ከታች ሙሉ ወለሉን ይዞ ታዩታላችሁ። የተሰረጎደ ቦታ፣ የተላጠ ጠርዝ፣ አንዱ ከሌላው የተለየ አዲስ ብሎን፣ በማስቲሽ የተለጠፈ ስንጥቅ ፈልጉ። በብርቱካናማ ሽፋን የተሸፈነውን ወፍራም ገመድ ማንም እንዳይነካው። ከ300 ቮልት በላይ የሚይዝ ነው፤ ሰው ይገድላል። «ከፍተን እንየው» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁና ለዚህ ሥራ የተሠራ ጓንትና መሣሪያ ካልያዘ፣ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

6. ገንዘቡን አስሉ

የኃይል ገበያን የሚያጠናው ብሉምበርግ ኔፍ በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት፣ በፈረንጆቹ 2010 አንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ይህ አምራቾች በጅምላ የሚገዙበት የዓለም አማካይ እንጂ ጎንደር ላይ ያለ ሰው አንድ ባትሪ ሲያስመጣ የሚከፍለው አይደለም።

60 ኪሎዋት ሰዓት በ115 ሲባዛ 6,900 ዶላር ነው። ዶላሩን ለምሳሌ በ150 ብር ብናሰላው 1 ሚሊዮን ብር አለፍ ይላል። በዚህ ላይ የነጋዴ ትርፍ አለ። ባትሪ አደገኛ ዕቃ ተብሎ ስለሚመደብ ማጓጓዣው ውድ ነው። ቀረጥ አለ። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚደርስበት 700 ኪ.ሜ. አለፍ የሚል መንገድ አለ። የሚገጥመው ባለሙያ አለ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ብትባሉ አትደንግጡ።

ይህን ከነዳጅ ጋር እናስተያየው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ የቀኑን ዋጋ ራሳችሁ አስገቡበት። በዓመት 12,000 ኪ.ሜ. የሚሄድ፣ በ100 ኪ.ሜ. 9 ሊትር የሚጠጣ መኪና 1,080 ሊትር ይፈልጋል። ሊትሩ 120 ብር ቢሆን ወደ 130,000 ብር ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና በ100 ኪ.ሜ. 16 ቢበላ፣ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ 2,150 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንዱ 8 ብር ቢሆን 17,200 ብር። በዓመት 112,000 ብር ይተርፋል። የማደያ ሰልፍ መቅረቱ ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው።

አሁን የአንድ ሚሊዮን ተኩሉን ባትሪ ለ112,000 አካፍሉት። 13 ዓመት ይመጣል። የሞተ ባትሪ የያዘ መኪና በርካሽ የገዛ ሰው ለ13 ዓመት ከነዳጅ የሚያተርፈውን በአንድ ቀን አስረከበ ማለት ነው። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ መኪናው ያዋጣል፤ ካልሆነ ምንም ሒሳብ አያድነውም።

በድርድር ጊዜ ጤንነቱን ወደ ብር ቀይሩት። ባትሪ ለመኪና አገልግሎት አበቃ የሚባለው በተለምዶ 70 በመቶ ሲደርስ ነው። ከ100 እስከ 70 ያለው 30 ነጥብ ነው። የኛው 87 ሲሆን 13ቱን ጨርሷል፤ ከ30ው 43 በመቶ። የአዲሱ ዋጋ አንድ ሚሊዮን ተኩል ከሆነ የተበላው 650,000 ብር ያህል ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ ይቀንስላችኋል አልልም። 70 ላይ የደረሰ ባትሪም ከተማ ውስጥ መሥራቱን አያቆምም። ነገር ግን «ትንሽ ቀንስልኝ» ከማለት ቁጥር ይዞ መነጋገር ይሻላል።

ዋስትናን በተመለከተ፦ ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪ.ሜ. ይሰጣሉ። ያ ዋስትና ብዙውን ጊዜ መኪናው በተሸጠበት አገርና በአምራቹ ወኪል በኩል ነው የሚሠራው። በግለሰብ አስመጪ የገባ መኪና ከሆነ ዋስትናው አብሮ መጣ ብላችሁ አትተማመኑ። የሽያጭ ውሉ ላይ የባትሪው መለያ ቁጥር፣ የተለካው ጤንነትና ቀኑ ይጻፍ። ሊብሬው ላይ የሌለ ነገር ውል ላይ ካልተጻፈ ክርክር ሲመጣ የለም ማለት ነው።

7. የቤታችሁን መብራት አዘጋጁ

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲስብ 2.2 ኪሎዋት ነው። በስምንት ሰዓት ሌሊት ባትሪው ውስጥ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያስገባል። 100 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ለአዘዞው ሰውዬ ከበቂ በላይ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 7 ኪሎዋት ቻርጀር ለታክሲና ብዙ ለሚሄድ ሰው ነው።

ቸል የሚባለው ገመዱ ነው። ለተራው ቻርጀር ከብሬከሩ ሳጥን ቀጥታ የመጣ፣ ሌላ ነገር የማይጋራው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 16 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ለ7 ኪሎዋቱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትርና የራሱ ብሬከር፤ ግቢው ረዥም ከሆነ 10። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ በፍጹም አትጠቀሙ። ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩና ሶኬቱን በእጃችሁ ዳብሱት። ለብ ቢል ደህና ነው። እጃችሁን የማያስቆይ ከሆነ ነቅላችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለው ደግሞ ያ ሶኬት ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም።

ኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የመከላከያ ገመድ፣ ሌላው ነው። ብዙ የቆዩ ቤቶች ውስጥ የሶኬቱ ኧርዝ የትም አልተገናኘም። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። መብራቱን የሚያታልል ዘዴ የሚያሳያችሁ ሰው አይጠፋም። እሺ አትበሉት። መሬት ውስጥ በትር አስቀብራችሁ በትክክል አስገናኙ። በክረምት፣ መሬቱ ረጥቦ ሕፃን ልጅ መኪናውን ሲነካ የሚያድነው ያ ገመድ ነው። የቻርጀሩን ሳጥንም መሬት ላይ አትጣሉት፤ ከዝናብ ከለል አድርጋችሁ ስቀሉት።

የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣዱና 7 ኪሎዋቱ ቻርጀር አንድ ላይ ሲሆኑ ከ45 አምፔር በላይ ነው፤ ተራ የቤት ቆጣሪ አይችለውም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መኪናው ይጠብቅ። አቅም ለማሳደግ የመብራት ኃይል አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ አመልክቱ፤ ቻርጀሩን ከመግዛታችሁ በፊት ነው ታዲያ። ተከራይ ከሆናችሁና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ። ለናንተ ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ብታስገቡ ጎረቤትም አይከፋም።

8. ከገዛችሁ በኋላ

አጭር ነው። ኤል.ኤፍ.ፒ. ከሆነ በሳምንት አንዴ 100 ሙሉት፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ መቶኛውን እየሳተ ይሄዳል። ከ30 በታች አታሳድሩት፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና። ለወር የምትሄዱ ከሆነ 50 ላይ ተዉት።

ደግሞ አትርሱ፦ የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው። እሱ ሲሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሳም፤ በሩም ላይከፈት ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ትልቁ ባትሪ አለቀ ብሎ ይደነግጣል። ለሌላ ነገር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን አስለኩ።

9. ባጃጅ ለሚያስቡ

የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሒሳቡ የተለየ ነው፤ ምክንያቱም ባጃጅ ባትሪውን በየቀኑ ይጨርሳል። ሁለት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው የአሲድ ባትሪ ነው፤ 12 ቮልት የሆኑ አምስት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 60 ቮልት ይሆናሉ። ሌላው ሊቲየም ነው። የአሲዱ መግዣው ርካሽ ነው። ነገር ግን በየቀኑ እየተሟጠጠ ከ300 እስከ 500 ዙር ነው የሚቆየው። ይህ ለባጃጅ ነጂ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ማለት ነው። ክብደቱም የጎንደርን ዳገት አይወድም።

በቀን አስሉት። ለምሳሌ የአሲዱ ስብስብ 60,000 ብር ቢሆንና 400 ቀን ቢሠራ፣ በቀን 150 ብር ነው። ሊቲየሙ 200,000 ብር ቢሆንና 2,000 ቀን ቢሠራ በቀን 100 ብር። ውድ የመሰለው ረከሰ። እውነተኛውን ዋጋ ከሱቁ ጠይቃችሁ በዚሁ መንገድ አካፍሉ። ችግሩ 200,000ውን ባንድ ጊዜ ማግኘቱ ነው። እዚህ ላይ ዕቁብ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ይረዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚገባ ሰው በየዓመቱ አዲስ የአሲድ ባትሪ ለመግዛት ከሚበደር አንዴ ለሊቲየሙ ቢበደር ይሻለዋል።

የአሲዱን ለመግዛት የተገደደ ሰው ሁልጊዜ ግማሹ ሲቀር ይሰካ፤ ዕድሜው በግልጽ ይረዝማል። አምስቱንም አብሮ ይቀይር። አንድ አዲስ ከአራት አሮጌ ጋር ከተቀጠለ አሮጌዎቹ አዲሱን ይዘውት ይሞታሉ። ያለቀውን ባትሪ ደግሞ አሲዱን ቦይ ውስጥ አፍስሶ እርሳሱን ለይቶ መሸጥ ቀርቶ፣ ሳይከፈት እንዳለ ለአዲሱ ሻጭ መልሶ ከዋጋው ያስቀንስበት።